ስለ አብዮቶች አካሄድና ስለ ልዩ ፍርድ ቤቶቻቸው

በፌብሩዋሪ ወር 1787 ዓ.ም. (የአውሮፓን ነገር በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን ነገር በራሳችን ዘመን አቆጣጠር እንጽፋለን) የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 16ኛ የገንዘብ ሹም የነበረው ካሎን፣ የመንግሥቱን መሳፍንት፣ መኳንንትና ጳጳሳት ወደ ቬርሳይ አስጠርቶ፣ እስከዚያ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ የቅርብ ሰዎች ዘንድ ብቻ በግልጽ ይታወቅ የነበረውን ነገር፣ ይኸውም የመንግሥቱ ወጪ ከገቢው መብለጡንና ጉድለቱም በብድር ላይ ብድር እየተደረበ ሲሸፈን መኖሩን ገልጦ፣ ከግብር ነጻ ሆነው የኖሩት ባለ ርስቶች ሁሉ እንደ ድኻው ለመሬታቸው እንዲከፍሉ ለመናቸው። እነርሱም እንዲህ ላለው ነገር እኛ ሥልጣን የለንም ብለው እምቢ አሉት። ብዙ ሰው የፈረንሳይን አብዮት ታሪክ ከባስቲይ ግንብ መውደቅ ይጀምራል፤ ነገሩን ከጥንቱ ለሚመረምር ግን መጀመሪያው ይህ የመኳንንት ጉባኤ ነው፤ አሮጌውን ሥርዐት አስቀድመው የነቀነቁት የተራቡት ሳይሆኑ የጠገቡት ናቸውና።

ይህም በፈረንሳይ ብቻ የታየ አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ከ1629 እስከ 1640 ድረስ ያለ ሸንጎ ከገዛ በኋላ የአገሩን እንደራሴዎች ወደ ለንደን የጠራው ምክራቸውን ወዶ ሳይሆን፣ ከስኮትላንድ ሕዝብ ጋራ በጸሎት መጽሐፍ ምክንያት የተጀመረው ጠብ ወደ ጦርነት ደርሶ ግምጃ ቤቱን ስላራቆተበት ነበር። የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛም በ1917 ክረምት ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ጦርነት በላዩ ላይ ነበረበት፤ የፔትሮግራድ ሴቶች እንጀራ አጣን ብለው በወጡ በአምስተኛው ቀን የከተማይቱ ጦር በሕዝብ ላይ አልተኩስም ብሎ ከሕዝቡ ጋራ በተቀላቀለ ጊዜ፣ የሦስት መቶ ዓመቱ የሮማኖፍ ሥርወ መንግሥት አለቀለት። በአገራችን በ1966 የሆነው ከእነዚህ በአንድ ነገር ይለያል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግምጃ ቤት እንደ ሉዊ ግምጃ ቤት በዕዳ የተዋጠ አልነበረም። ነገር ግን በወሎ የደረሰው ረኀብ ተሸሽጎ ቆይቶ መገለጡ የመንግሥቱን ክብር ገፎት ነበርና፣ ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት አለቆቻቸውን ባሰሩ ጊዜ፣ የካቲት 11 ቀንም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መወደድ ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ መንግሥቱን ሊከራከርለት የተነሣ ሰው እምብዛም አልተገኘም። የአራቱም መንግሥታት አወዳደቅ በዚህ አንድ ነው፦ የወደቁት ጠላት ስለ በዛባቸው ብቻ ሳይሆን ወዳጅ ስለ ጠፋላቸው ጭምር ነው።

ቶክቪል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1856 ስለ አሮጌው ሥርዐትና ስለ አብዮቱ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለክፉ መንግሥት ከሁሉ የሚያሰጋው ጊዜ ራሱን ማሻሻል የጀመረበት ጊዜ መሆኑን አስተውሏል። ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን በ1943 የከፈቱት፣ የተሻሻለውንም ሕገ መንግሥት በ1948 የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው፤ በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም በእርሳቸው ስም በተሠየመው ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወጣቶች ናቸው። እውቀትን ዘርቶ ጥያቄን አላጭድም ማለት ለማንም ንጉሥ አልሆነለትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዘመነ ፍሥሓ ነው፤ ይህንም ወራት በዓይኑ ያላየ፣ ወይም አንብቦ በልቡናው ያልሣለ ሰው ስለ አብዮት የሚናገረው ሁሉ ጎዶሎ ይሆናል። በኦገስት 4 ቀን 1789 ሌሊት በቬርሳይ ጉባኤ መኳንንቱ አንድ በአንድ እየተነሡ የባላባትነት መብታቸውን፣ ካህናቱ ዐሥራታቸውን፣ አውራጃዎች ልዩ መብታቸውን በገዛ አንደበታቸው ሲተዉና ሲላቀሱ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው የባላባት ሥርዐት በአንዲት ሌሊት መሠረቱ ፈረሰ፤ ከሦስት ሳምንትም በኋላ ሰው ሁሉ ነጻና በመብት እኩል ሆኖ መወለዱን የሚገልጠው ዐዋጅ ወጣ። በአዲስ አበባም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የኢትዮጵያ እስላሞች እኩልነታችን ይታወቅልን ብለው በብዙ አእላፍ ተሰልፈው ሲወጡ፣ ከእነርሱ ጋራ አብሮ የተሰለፈው ክርስቲያን ብዙ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን ያየ ትውልድ በኋላ የመጣውን መከራ ሲያስብ እንኳ የዚያን ቀን ተስፋ ሐሰት ነበር ሊል አይገባውም፤ ሐሰት አልነበረምና።

ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ እነዚህ አብዮቶች ሁሉ ደምን በመጸየፍ መጀመራቸው ነው። በሜይ 30 ቀን 1791 በፈረንሳይ ጉባኤ ፊት ቆሞ የሞት ቅጣት ከሕግ መጽሐፍ ፈጽሞ ይፋቅ፣ ዳኛ ሰው እንደ መሆኑ ሊሳሳት ይችላልና የማይመለስ ፍርድ አይስጥ ብሎ የተከራከረው ሰው፣ ከአርራስ ከተማ የመጣው ጠበቃ ማክሲሚልያን ሮቤስፒየር ነበር። በሩስያም ንጉሡ ከወረደ በኋላ የቆመው ጊዜያዊ መንግሥት ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የሞትን ቅጣት መሻር ነው። በአገራችንም ሰኔ 21 ቀን 1966 የተቋቋመው የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ ሲነሣ፣ ለውጡ ያለ ምንም ደም እንዲፈጸም ቃል ገብቶ ነበር፤ ሕዝቡም አመነው። ታዲያ እንዲህ በርኅራኄ የጀመረ ሰው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በአንዳንዱም ዘንድ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የራሱን ጓደኞች ለገዳይ አሳልፎ የሚሰጠው በምን መንገድ ተጕዞ ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

በመካከል ስለሚቆሙት ሰዎች ብዙ አንልም፤ ታሪካቸው በሁሉ ዘንድ ይመሳሰላልና። ላፋየት በፓሪስ፣ ልዑል ልቮፍና ከረንስኪ በፔትሮግራድ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን በአዲስ አበባ አሮጌውን በአዲስ ለመጠገን ሲደክሙ፣ ከጐናቸው ሌላ ሥልጣን በቀለ፤ በአንደኛው አገር የፓሪስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ በሁለተኛው የሠራተኞችና የወታደሮች ሶቪየት፣ በሦስተኛው ደርግ። በአንድ አገር ሁለት አዛዦች ሲኖሩ የሚታዘዝለት ጠመንጃ ያለው ነው፤ መካከለኞቹ ደግሞ ማኅተም እንጂ ጠመንጃ አልነበራቸውም።

ክሬን ብሪንተን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ መምህር በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን፣ የአሜሪካን፣ የፈረንሳይንና የሩስያን አብዮቶች አስተያይቶ፣ አብዮት በአገር ሰውነት ላይ እንደሚነሣ ትኩሳት መሆኑን፣ ቀስ በቀስ እየጋለ ሄዶ ከወሰኑ ሲደርስ ሕመምተኛውን ካነደደ በኋላ እንደሚበርድ ጽፏል። ምሳሌው ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ደራሲውም ትኩሳት ሲል ለመስደብ ሳይሆን የነገሩን አካሄድ ለመግለጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። እኔ ግን በዚህ ምሳሌ አልስማማም። ትኩሳት በማንም ፈቃድ አይመጣም፤ ለትኩሳትም ተጠያቂ የለውም። አብዮቶቹን ከዘመነ ፍሥሓ ወደ ዘመነ ሽብር ያሻገራቸው ግን ቀኑ የታወቀ፣ ፊርማው ያልጠፋ፣ የተከራከሩትና የተቃወሙት ሰዎች ስም በመዝገብ የሚገኝ ውሳኔ ነው፤ ይኸውም ጠላት የተባለ ሰው በመደበኛው ዳኛ ፊት መቅረቡ ቀርቶ በልዩ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ፣ ወይም ከነጭራሹ ያለ ዳኛ እንዲሞት የተቈረጠበት ውሳኔ ነው። ከዚህ ደፍ በፊት ያለው ሁሉ ሊመለስ ይችል ነበር ባይ ነኝ፤ ከደፉ ወዲያ ግን የሚመለስ ብዙ አልተገኘም።

ወደ ፓሪስ እንመለስ። በኤፕሪል 20 ቀን 1792 ፈረንሳይ በአውስትሪያ ላይ ጦርነት ዐወጀች፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በጃኮባውያን ማኅበር ቆሞ ይህ ጦርነት ነጻነታችንን ለጦር አለቆች አሳልፎ ይሰጣል ብሎ የተከራከረው ያው ሮቤስፒየር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በኦገስት 10 የንጉሡ ቤተ መንግሥት ተወረረ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የፕሩስያ ጦር ወደ ፓሪስ ገሰገሰ የሚል ወሬ ሲነፍስ፣ ሕዝብ በየወኅኒ ቤቱ ገብቶ ከሺህ የሚበልጡ እስረኞችን፣ ካህናትንና ተራ ወንበዴዎችን ሳይለይ፣ ዐረዳቸው። የዚህ እልቂት ትዝታ በኮንቬንሲዮን፣ ማለት ሪፑብሊክን ባወጀው የእንደራሴዎች ጉባኤ፣ በእያንዳንዱ አባል ኅሊና ውስጥ እንደ በደል ተቀምጦ ነበር።

በማርች 10 ቀን 1793 ምሽት፣ ሉዊ 16ኛ አንገቱ ከተቈረጠ ገና ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጦሩ በቤልጅግ ተሸንፎ መሸሹ ተሰምቶ፣ ከተማይቱ ታውካ ሳለ፣ ጉባኤው ስለ አንድ ልዩ ፍርድ ቤት ሲከራከር ውሎ ሊበተን ተነሣ። ያን ጊዜ ዳንቶን፣ ድምፁ እንደ ነጐድጓድ የሆነው ያ ግዙፍ ሰው፣ ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ ብሎ አስቆማቸው። ክርክሩም፣ በአጭሩ ሲነገር፣ ይህ ነበር፦ በሴፕቴምበር ሕዝብ የፈረደው ሕግ ስላልፈረደ ነው፤ ሕዝቡ ዳግመኛ አስፈሪ እንዳይሆን እኛ አስፈሪ እንሁን፤ ሕጋዊ የሆነ ብርቱ ፍርድ ቤት ብናቆም የወኅኒ ቤት እልቂት አይደገምም። ከጉባኤው ለዘብተኛ ወገን ከጂሮንዳውያን የነበረው አንደበተ ርቱዑ ቬርንዮ በበኩሉ፣ ይህ የምታቆሙት ነገር ከቬኒስ የምርመራ ሸንጎ ሺህ ጊዜ የከፋ ነው፣ ከመቀበሉ ሞት ይሻለናል ብሎ ጮኸ። ፍርድ ቤቱ ግን በዚያው ሌሊት ተቋቋመ፤ ከፍርዱም ይግባኝ እንዳይኖር ተወሰነ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። ይህን ፍርድ ቤት ያቆመው ጭካኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ያቆመው ግን ከጭካኔ ጋራ የተቀላቀለ ምሕረት ነው፤ ብዙ ደም እንዳይፈስ ጥቂት ደም በሥርዐት ይፍሰስ የሚል አሳብ ነው፤ በአሳቡም ከልብ ያመኑበት ሰዎች ነበሩ። በመጽሐፈ አስቴር ሐማ ለመርዶክዮስ ባስተከለው ግንድ ላይ ራሱ መሰቀሉ ተጽፏል፤ ነገር ግን ሐማ ግንዱን ያስተከለው በቂም ነበርና ፍርዱ ተገባው ብለን እናልፋለን። ስለ ዳንቶን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር በጥቂት ቀኖች ይቈጠራል። በኤፕሪል 1 ቀን ጉባኤው የጠላት ወገን ነው ተብሎ የተጠረጠረ እንደራሴ መብቱ እንዳይጠብቀው ወሰነ፤ በዚህም ውሳኔ መጀመሪያ የተጠቀሙበት ራሳቸው ጂሮንዳውያን ናቸው፤ ጋዜጠኛውን ማራን ከሰው ወደ አዲሱ ፍርድ ቤት ላኩት፣ እርሱ ግን በነጻ ተለቀቀና ሕዝብ ተሸክሞ ወደ ጉባኤው መለሰው። በጁን 2 የታጠቀ ሕዝብ ጉባኤውን ከቦ ጂሮንዳውያንን አስባረረ፤ በኦክቶበር 31 ቬርንዮና ሃያ ጓደኞቹ በዚያው ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ሞቱ። ማርች 10 ሌሊት ከጮኸው ጩኸት እስከ ሞቱ ቀን ስምንት ወር አልሞላም። በሴፕቴምበር የወጣው ስለ ተጠርጣሪዎች የተደነገገው ሕግ ደግሞ ጠላት ያደረገውን ብቻ ሳይሆን ወዳጅነቱን በሥራ ያላስመሰከረውንም የሚያሳስር ስለ ነበር፣ በመላው አገር የታሰረው ሰው ብዛት ወደ 300,000 ይገመታል። በዚያው ዓመት ተጽፎ በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ሰላም እስኪሆን ድረስ ይቈይ ተብሎ፣ ከዝግባ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ገብቶ በጉባኤው አዳራሽ ተቀመጠ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበትም ቀረ።

በ1794 ጸደይ ተራው የዳንቶን ሆነ። ደም ይበቃል፣ የምሕረት ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ በጋዜጣው የጻፈው ካሚል ደሙለን ከእርሱ ጋራ ታሰረ፤ ካሚል የሮቤስፒየር የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር፤ ሮቤስፒየር በሠርጉ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመለት ሰው ነው። ዳንቶን በፍርድ ቤቱ ፊት ሲከራከር ድምፁ ከመስኮት አልፎ በጎዳና ይሰማ ነበርና ሕዝቡ ወደ እርሱ እንዳያዘነብል ስለ ተፈራ፣ ችሎትን የደፈረ ተከሳሽ ከክርክሩ እንዲወገድ የሚል ውሳኔ ከጉባኤው በጥድፊያ ወጣ፤ በኤፕሪል 5 ቀን 1794፣ ከአንድ ዓመት ከአንድ ወር በፊት ራሱ ባቆመው ፍርድ ቤት፣ ቃሉን ሳይፈጽም ተፈርዶበት ሞተ። የካሚል ሚስት ሉሲልም ከስምንት ቀን በኋላ ተከተለችው።

በጁን 10 ቀን የወጣው ሕግ ለተከሳሽ ጠበቃን ከለከለ፣ ምስክር መስማትን አላስፈላጊ አደረገ፣ ለዳኛውም ከሁለት ነገር በቀር ምርጫ አልተወለትም፤ ወይ ነጻ፣ ወይ ሞት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሉት ሰባት ሳምንታት በፓሪስ ብቻ ከ1,300 የሚበልጥ ሰው በጊሎቲን ተገደለ። ይህንም ሕግ ያስወጣው ያ በ1791 ዳኛ ሊሳሳት ይችላል ያለው ሮቤስፒየር ከወዳጁ ከኩቶን ጋራ ሆኖ ነው። በጁላይ 27 ጉባኤው በእርሱ ላይ ተነሣበትና ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ዐወጀበት፤ ከሕግ ውጭ የተባለ ሰው ደግሞ፣ በራሳቸው ሥርዐት፣ ክርክር አይሰማለትም፤ ሰውዬው እርሱ መሆኑ ብቻ ተረጋግጦ ይገደላል። በማግስቱ መንጋጋው በጥይት ተሰብሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በፍርድ ቤቱ ፊት ቀረበ፤ መናገርም አልተቻለው፣ ቢቻለውም የሚሰማ አልነበረም። ማንነቱን ያረጋገጠው ሲያገለግለው የኖረው ዐቃቤ ሕጉ ፉኪዬ ታንቪል ነው። ፉኪዬም በተራው በሜይ 7 ቀን 1795 ተገደለ፤ እኔ የታዘዝሁትን ፈጸምሁ እንጂ ምን አደረግሁ የሚለው ክርክሩ አላዳነውም። ፍርድ ቤቱ ራሱ በዚያው ወር መጨረሻ ተሻረ። በሽብሩ ዘመን በመላው ፈረንሳይ በፍርድ የተገደሉት ወደ 17,000 ይደርሳሉ፤ ያለ ፍርድ የሞቱት በዚህ ቍጥር ውስጥ የሉም።

የእንግሊዝ ሰዎች ከዚህ 150 ዓመት ቀድመው ይህንኑ ደፍ ተሻግረዋል። የንጉሥ ቻርልስ ዋነኛ አማካሪ የነበረው ስትራፎርድ በሸንጎው ሲከሰስ ራሱን በሚገባ ስለ ተከላከለና ክሱ ሊረጋገጥ ስላልቻለ፣ ከሳሾቹ ፍርዱን ትተው ሞቱን በሕግ መልክ ደነገጉ፤ ንጉሡም ፈርቶ ፈረመና ሰውዬው በሜይ 1641 አንገቱ ተቈረጠ። ከስምንት ዓመት በኋላ ለንጉሡ ለራሱ ልዩ ሸንጎ ሲቆምለት፣ በምን ሥልጣን ትዳኙኛላችሁ ብሎ ቢጠይቅም የሚመልስለት አላገኘም።

የሩስያው ነገር በስፋቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ በመንገዱ ግን አዲስ አይደለም። በዲሴምበር 1917 በድዘርዥንስኪ አለቅነት የተቋቋመው ልዩ ኮሚሽን፣ ቼካ የተባለው፣ ሲጀመር ሥራው መርምሮ ወደ ፍርድ ማቅረብ እንጂ መፍረድ አልነበረም፤ በፌብሩዋሪ 1918 የጀርመን ጦር ወደ ፔትሮግራድ ሲገፋ ግን ጠላትን በተያዘበት ቦታ የመግደል ሥልጣን አገኘ። በዲሴምበር 1934 ኪሮፍ የተባለው ሹም በተገደለ ዕለት የወጣው ሕግም የሽብር ክስ ምርመራ በዐሥር ቀን እንዲያልቅ፣ ተከራካሪ እንዳይቆም፣ ይግባኝ እንዳይኖር፣ ፍርዱም ወዲያው እንዲፈጸም አዘዘ፤ የፓሪሱን የጁን ሕግ ላነበበ ሰው ልዩነቱ የቋንቋ ብቻ ነው። በ1936 የሌኒንን የቅርብ ጓደኞች ዚኖቪየፍንና ካሜኔፍን ለዚህ ፍርድ ያቀረበው የጸጥታው ሹም ያጎዳ፣ በ1938 በዚያው ዐይነት ፍርድ ተገደለ፤ የተካው ዬዦፍም በ1940 ተገደለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ በዚህ ላይ ብዕር ቢከብድም ዝም ማለት አይገባም። በ1966 የታሰሩትን ባለ ሥልጣኖች ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ሰነድ ይሰበስብ፣ ቃል ይቀበል፣ የወሎን ረኀብ ተጠያቂዎች ይመረምር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ሳሉ ስለ ዘመን ሥራቸው በሰፊው የጻፉት ቃል ኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ይህ ኮሚሽን የአብዮታችን ታላቅ ዕድል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕዝብ የጠየቀው ፍርድ ነበር፤ ወደ ፍርድም የሚያደርሰው መንገድ ተጠርጎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ እንኳ አንዲት ጥይት አልተተኰሰችም።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ የደርጉ አባላት ተሰብስበው የእስረኞቹ ስም አንድ በአንድ እየተጠራ እጅ በማውጣት ድምፅ ሰጡ። በዚያች ሌሊት ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታና ሌሎችም ወደ ወኅኒ ቤት ተወስደው ተረሸኑ፤ ከተገደሉት መካከል ለውጡን የተቃወሙ የተባሉ ወታደሮችም ነበሩ። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም እስረኞቹ ያለ ፍርድ መሞታቸውን ካልተቀበሉት አንዱ ነበሩ፤ እርሳቸውም በዚያው ሌሊት በቤታቸው ተከበው ሞቱ። የሟቾቹ ቍጥር ስልሳ ተብሎ በታሪክ ቀርቷል። በዚያው በኅዳር ወር ልዩ የጦር ፍርድ ቤት የሚያቋቁም ዐዋጅ ወጥቶ ሳለ፣ ለእነዚህ ሰዎች ያ እንኳ አልተፈቀደላቸውም፤ ምርመራውም በመንገድ ላይ ቀረ። የፈረንሳይ ሰዎች ከሕግ ወደ ልዩ ሕግ፣ ከልዩ ሕግ ወደ ሕግ አልባነት በአንድ ዓመት ከመንፈቅ የሄዱትን መንገድ፣ እኛ በአንዲት ሌሊት ዘለልነው።

እጅ ያወጡትስ? የአማን ተተኪ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ከጓደኞቻቸው ጋራ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተይዘው ተገደሉ። ሁለተኛው ምክትል ሊቀ መንበር ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970 ተገደሉ። በመካከሉ የሶማሊያ ጦር አገሪቱን ወረረ፤ በየቀበሌው ቀይ ሽብር ታወጀ፤ የደርግ ተቃዋሚ ከነበረው ፓርቲ ከኢሕአፓ ወገን የነበሩ ወጣቶች በብዙ ሺህ ረገፉ፣ እነርሱም ከደርግና ከሌላው ፓርቲ ከመኢሶን ሰዎች ገደሉ፤ ኢሕአፓን ከደርግ ጋራ ሆኖ ሲያሳድድ የነበረው መኢሶንም ከአንድ ዓመት በኋላ በተራው ተሳደደ። ልጁ የተገደለበት ወላጅ በየመንገዱ የወደቀውን ሬሳ ለመቅበር፣ ለማልቀስም ፈቃድ ያጣበት ዘመን ነበር። ራሱን ጊዜያዊ ብሎ የሠየመው ወታደራዊ መንግሥት ያን ስሙን የተወው በ1980 ነው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት የቆየ ጊዜያዊነት።

የመብረዱ ዘመን አካሄድ የታወቀ ስለሆነ አናራዝመውም። በእንግሊዝ ክሮምዌል በ1653 ሸንጎውን በወታደር በትኖ የአገር ጠባቂ ተባለ፤ በ1660 የተገደለው ንጉሥ ልጅ ተመልሶ ነገሠ። በፈረንሳይ ጄኔራል ቦናፓርት በኖቬምበር 1799 ሥልጣን ይዞ በአምስተኛው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ሮቤስፒየር በ1792 የፈራው ደረሰ። በእኛ አገር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥለው ሄዱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ በፈረንሳይ ከቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ለገበሬና ለነጋዴ የተሸጠው መሬት፣ ነገሥታቱ ከተመለሱ በኋላም አልተመለሰም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የሻረው የባለ ርስትና የጭሰኛ ሥርዐትም ደርግ ከወደቀ በኋላ አልተነሣም። ይህ ለብዙ ሚሊዮን ጭሰኛ የደረሰ ታላቅ ነገር ነው፤ ዋጋው ከስልሳው ሞት ጋራ አይያያዝም፤ ሰዎቹ በመደበኛ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ኖሮ ዐዋጁ በወጣበት ቀን ከመውጣት የሚያግደው ነገር አልነበረም።

እንዲህ መሆኑ የግድ ነው የሚል ቢኖር፣ ወደ አሜሪካ ይመልከት። በዚያም ጦርነት ነበር፤ ለንጉሥ ጊዮርጊስ ያደሩት ወገኖች ሀብታቸው ተወርሶ በብዙ አእላፍ ተሰደዋል፤ ባሪያውም በባርነቱ ቀርቷልና ያ አብዮት በደል የለበትም አንልም። ነገር ግን አሸናፊዎቹ እርስ በርሳቸው የሚበላሉበት ልዩ ፍርድ ቤት አላቆሙም፤ የጦሩ አለቃ ጆርጅ ዋሽንግተንም በዲሴምበር 23 ቀን 1783 በአናፖሊስ ከተማ በእንደራሴዎች ፊት ቆሞ የሹመት ደብዳቤውን መልሶ ወደ እርሻው ሄደ። ፈረንሳዊው፣ ሩስያዊውና ኢትዮጵያዊው ያላደረጉት ነገር ለሰው ልጅ የማይቻል አልነበረም።

ስለ 1966ቱ አብዮት በአገራችን ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ አብዛኞቹ በነገሩ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ትዝታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ትዝታ የጸሐፊውን ወገን ንጹሕ፣ የሌላውን በደለኛ ያደርጋል። ዛሬ ታሪክ የምትማሩ ወጣቶች ከእነዚህ መጻሕፍት አስቀድማችሁ ከሰኔ 1966 እስከ የካቲት 1967 የወጡትን ነጋሪት ጋዜጦች በተራ ቍጥራቸውና በቀናቸው አንብቧቸው፤ የአክሊሉን ቃል ከጐናቸው አድርጉ፤ ያላለቀውን የመርማሪ ኮሚሽን ሥራም ሰነዱን ካለበት ፈልጋችሁ አጥኑት።